ሊብሬው በስሜ፣ መሪው በልጅ ልጄ

መኪና መንዳት አልችልም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቦረና አውራጃ መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ነው፤ መሪ ይዤ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ በመካነ ሰላም ከተማ በመኪና የተነሣ ከእኔ የበለጠ አንጀቱ ያረረ ሰው ካለ ይምጣና ቡና እናስፈላ። የልጅ ልጄ ይነዳል፣ እኔ እጠየቃለሁ። እሱ ማታ ማታ ገንዘብ ይቆጥራል፣ እኔ የጣሪያ ማገር እቆጥራለሁ።

ነገሩ የመጣው ከጅዳ ነው። እዚያ የምትሠራው ልጄ «አባቴ፣ በእርጅናህ አትንከራተት፤ ደሴ ለሕክምና ስትሄድም ከሰው ጋር አትጋፋ» ብላ መኪና ገዛችልኝ። እሰየው። የገዛችው ግን ቪትዝ ነው። ለጉጉፍቱ ጭጋግ፣ ለአቀስታ ውርጭ፣ ወደ ጉንደወይን ሲሻገሩ ለሚገጥመው የዓባይ ቁልቁለት ቪትዝ! ስቀመጥባት ጉልበቴ አገጬን ይነካል። እሷ አገር ውስጥ የለችም፤ ልጁ ደግሞ «ገና ደሙ አልረጋም» ተባለ፤ ስለዚህ ሊብሬው በእኔ ስም ወጣ። «የምትታመነው አንተ ነህ» ተባልኩ። በእኛ ቤት እንዲህ የሚባለው ሰው ለዋስትና ሲፈለግ ነው።

ዋስ ብቻ ብሆን በታደልኩ! ዋስ ከሆንክ ቢያንስ ባለዕዳው መጀመሪያ ይፈለጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2081ኛ አንቀጽ ግን ቀጥ ብሎ የሚመጣው ወደ መኪናው ባለቤት ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያኔ ፍየል እጠብቅ ነበር። ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ሰውየው እኔን ከየት እንዳወቀኝ እንጃ እንጂ በደንብ አስቦልኛል። መኪናው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። መውጫ ቀዳዳው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። እንግዲህ ምን ልበል? ጠዋት ገንፎ አብሮኝ የበላውን ልጅ ከሰዓት በኋላ ሌባ ነው ብዬ ፍርድ ቤት ላቁመው? እናቱ ከጅዳ ስትደውል ምን እላታለሁ?

«አብሽር አባባ፣ ኢንሹራንስ አለን» አለኝ ልጁ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ ብታዩት!

አዎን፣ አለን። እንዲያውም ሁለት አለን። አንዱ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ነው። እሱን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሁሉም ባለመኪና እንዲገባ ተገዷል፤ ያለ እሱ መንገድ ላይ አይወጣም፣ ቦሎም አይታደስም። ይኼ ወረቀት የሚቆመው ለተገጨው ሰው ነው። ለእኛ መኪና አንድ ብሎን አይገዛም። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት 100 ሺህ ብር ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ለድንገተኛ ሕክምና 2 ሺህ ብር። በዛሬ ገበያ ያ ምን እንደሚገዛ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ኋላም ጣሪያው ከፍ እንዲል ተደርጓል። ከዚያ በላይ የሆነውን ጉዳት ማን ይከፍላል ያላችሁ እንደሆነ፣ ወደ ሬኔ ዳቪድ ተመለሱ።

ሁለተኛው በፈቃድ የሚገባው ነው፤ ሰው ሁሉ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚለው። ልጄ «የችኮላ ሥራ አታድርጉ፣ ሙሉውን ግቡ» ስላለች ሙሉውን ገባን። ሙሉ ማለታቸው እንግዲህ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መኪናዋ ታርጋዋ ኮድ 2 ነው፤ ሰማያዊው፣ የግል። ውሉ ላይም አገልግሎቷ «ለግል» ተብሎ ተጽፏል። የግል ውል ማለት ባለቤቱ ለራሱ፣ ለቤተሰቡና ለማኅበራዊ ጉዳዩ ይነዳል፤ ለኪራይ፣ ሰው በክፍያ ለመጫን፣ ለንግድ ዕቃ ማመላለሻ፣ ለእሽቅድምድም አይነዳም። እሽቅድምድሙስ ይሁን፤ በወግዲ መንገድ ላይ ማን ከማን ጋር ይሽቀዳደማል? የቀረው ግን የልጁን ሙሉ ሳምንት የሚያጠቃልል ነው። ጠዋት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ወደ ግቢ ያደርሳል። ቀን ኮንትራት ይሠራል፤ አንዱን ከለላ፣ አንዱን ወግዲ፣ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ገጠር። በገበያ ቀን ኋላ ወንበሩን አጥፎ የሱቅ ዕቃ ይጭናል። እኔን? እኔን ደሴ የወሰደኝ ቀጠሮዬ ካለፈ በኋላ ነው፤ ኮንትራት ነበረው።

ደስኳሪ አትበሉኝና እዚህ ላይ ልቁም። በእኛ አገር በገንዘብ መጫንና በወዳጅነት መጫን በምን ይለያል? በቦረና ባዶ እጁን መኪና ላይ የሚወጣ ሰው የለም። አንዱ ማር ይዞ ይመጣል፣ አንዷ እንቁላል፣ አንዱ ቆሎ በኪሱ። ነፍሰ ጡሯን ሆስፒታል ያደረስክላት ቤተሰብ በሳምንቱ ዶሮ ይዞ ደጅህ ላይ ይቆማል፤ አልቀበልም ብትል ጠብ ነው። ይህንኑ ደሴ ለሚገኘው የመድን ቤቱ ልጅ ጠየቅኩት። ክራቫት ያሰረ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ «አባቴ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። «ዶሮ ክፍያ ነው ወይ?» አልኩት። ሳቀ። እንዳልሳቅኩ ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ አለቃውን ሊጠይቅ ሄደ። አለቃውም ወጥቶ አየኝና ሌላ አለቃ ዘንድ ገባ። ዶሮዋ እስካሁን ውሳኔ አላገኘችም። የነዳጅ ማዋጣትም እንዲሁ፤ አራት መምህራን ተሰብስበው ለነዳጅ ሲያዋጡ አንዱ ባለመኪናው ነው፣ ሦስቱ ምንድን ናቸው? ክራቫቱ «ከወጪው በላይ ትርፍ ካለው…» ብሎ ጀመረና እሱም አቆመው። ትርፍ ያለው ነገር ቢኖር እኔም እዚያ ወንበር ላይ ባልተገኘሁ!

በእኛ በወሎ ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት ቅሬ ድንኳን ይዞ ይመጣል፣ እንጨት ይዞ ይመጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ቅሬ ሟቹ ሲሞት ምን ሥራ ላይ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ለግል ነበር የሞትከው ወይስ ለንግድ አይልም። መድን ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ክራቫቱ ሲያስረዳኝ ምክንያት አላጣም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ የሚዞር መኪና በሳምንት አንዴ ገበያ ከሚወጣ መኪና የበለጠ አደጋ ያጋጥመዋል፤ የተሳፋሪ ነፍስም አለበት፤ ስለዚህ የንግዱ ዓረቦን ይበዛል፣ ለተሳፋሪዎቹም ለብቻው የሚገባ ሽፋን አለ። በርካሹ ዋጋ ገብተህ የውዱን ሥራ ስትሠራ የሌላውን ሰው መዋጮ እየበላህ ነው አለኝ። እኔ መልስ አጣሁ፤ መልስ በማጣቴ ደግሞ የበለጠ ተናደድኩ።

አሁን ወደ በሬው ልምጣ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣ ልጁ ሦስት ሰው ጭኖ ወደ ወግዲ ሲሄድ አንድ በሬ መንገድ መሀል ቆሞ ጠበቀው። በሬው ወደቀ፤ የቪትዟ አፍንጫ ገባ፤ ራዲያተሩ ፈሰሰ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱንም ብያለሁ። ባለ በሬው መጣ። ጎረቤት መጣ። እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም በባጃጅ ተጭኜ ደረስኩ። በዚያ ሸንተረር ላይ ያየሁትን ጨዋነት አልረሳውም፤ ባለ በሬው «ልጁ ይትረፍ እንጂ በሬ ምን ይሆናል» አለ። እኔም ቆቤን አውልቄ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ» አልኩ። የበሬው ዋጋ ተቆረጠ፣ ከቤቴ ተከፈለ፣ ዱአ ተደረገ፣ ተመራርቀን ተለያየን። አንድ ሰዓት ያልፈጀ ፍርድ።

ጥፋቱ የእኛ ነው! ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ማን ነገረኝ? ውሉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሙሉ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋተኝነቱን ማመን፣ መደራደርና መክፈል አይችልም ይላል። በትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነው ነገሩ የሚሄደው። ሽምግልና የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ቆብ ማውለቅም የለም። የንግድ ሕጉም ቢሆን አደጋው የደረሰበት ሰው ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ያስታውቅ ይላል። አምስቱ ቀን እኮ በእኛ አገር ለቅሶ ተቀምጠህ የምትነሣበት አይደለም። ያን የንግድ ሕግ ደግሞ አዲስ ወጣ ሲባል ጠፍቷል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ሕጉ ሲታደስ የመድኑ ክፍል እዚያው በ1952ቱ ላይ ቀረ። የእኔ ዕድል! ሌላው ሁሉ ሲለወጥ እኔን የሚነካው አይለወጥም።

የመድን ቤቱ መርማሪ መጣ። ሦስቱን ተሳፋሪዎች አግኝቶ ጠየቃቸው። «ዘመድ ነን» ቢሉ ምን ነበረበት? ሦስቱም በአንድ አፍ «ከፍለን ነው የተሳፈርነው» አሉ፤ አንዷማ ስንት እንደከፈለችና ምን ያህል መልስ እንደቀራት ጨምራ ተናገረች። ወሎዬ አይዋሽም ብዬ ልኩራ ወይስ ላልቅስ?

ደብዳቤው መጣ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ቅርጹን ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ጉዳዩ ተሰምሯል፣ ግልባጭ ለሚመለከተው ተብሏል፣ ቲተሩ በቦታው ነው። እንከን የለውም። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አግኝቼ ቢሆን ዕድገት እንዲሰጠው እመሰክርለት ነበር። ይዘቱ ግን ባጭሩ፣ ተሽከርካሪው ከተመዘገበው አገልግሎት ውጪ ሲሠራ የደረሰ ጉዳት ስለሆነ ጥገናው አይከፈልም፤ በሬውንም መድን ሰጪው ሳያውቅ ስለከፈላችሁት ሊተካ አይችልም የሚል ነው። «ከሰላምታ ጋር» ይላል መጨረሻው። ሰላምታውን ምን ላድርገው?

ለጅዳዋ ልጄ ስነግራት «አባቴ፣ ይኼ እኮ በዓለም ሁሉ ያለ ነው» ብላ አረፈች። እውነቷን ይሁን ብዬ ዋሽንግተን ያለውን የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት፤ እሱ ኡበር ይነዳል። የእሱስ ደግሞ ይብሳል! አንዱ ቀኑ በሦስት ተከፍሏል። ስልኩ ላይ ያለውን አፕ ሲያጠፋ የራሱ የግል ኢንሹራንስ ነው የሚሸፍነው። አፑን አብርቶ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የግሉ «እኔ የለሁበትም» ይላል፣ የኩባንያው ትንሽ ይሸፍናል። ጥሪ ተቀብሎ ተሳፋሪው ጋ ሲሄድና ሲጭን ደግሞ በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በአንድ አውራ ጣት ከድሃ ወደ ሚሊየነር! እንግሊዝ አገር ደግሞ ከቤት ወደ ሥራ መመላለስ አንድ ዓይነት፣ ከሥራ ቦታ ወጥቶ ለአለቃ ጉዳይ መንዳት ሌላ ዓይነት ተብሎ ይጻፋል አሉ። ፈረንጅ ሥራ የሚለየው በዚህ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ጉዞ ላይ መምህሩን እናደርሳለን፣ የሱቁን ስኳር እንጭናለን፣ የታመመች አክስት እንጠይቃለን፣ ስንመለስ የቅሬውን ድስት እንመልሳለን። የቱ ላይ ነው አፑ የሚጠፋው?

ልጁ በዚህ ሁሉ መሀል አዲስ ሐሳብ አመጣ። «አባባ፣ ሹፌር ልቅጠርና እኔ ልረፍ።» እረፍ! እንግዲህ ሹፌር ከቀጠርክ አሠሪ ሆንክ። ሠራተኛህ በሥራው ላይ ለሚያጠፋው አንተ ትጠየቃለህ። እሱ ራሱ በሥራ ላይ ቢጎዳ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው፤ ከእንግዲህ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደሞዙ በአምስት ይባዛል። መስታወቱ ላይ ያለው ወረቀት ለዚህ አልተገዛም፤ የሠራተኛ ጉዳት ካሣ መድን የሚባል ሌላ ወረቀት አለ። ደግሞ ለሹፌር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ከመንገድ ተቋራጭ ዘንድ የሚሠራ ልጅ አለው፤ ድርጅቱ በሚያቀርበው ሰርቪስ ሲመላለስ ቢጎዳ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠርለታል። ሰርቪሱ አምልጦት በባጃጅ ከሄደ ግን ያ አንቀጽ አይደርስለትም። ይህን ስለነገርኩት የጎረቤቴ ልጅ አሁን ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ሰው እንኳ ጠቅሜያለሁ።

መንጃ ፈቃዱም አለ፤ የሹፌሩ ፈቃድ ለሚነዳው ዓይነት ካልሆነ ሙሉ የተባለው ውል ለዚያ ጉዳት አይከፍልም። የመኪናዋ ዋጋም አለ። መድን የገባነው በገዛንበት ዋጋ ነው፤ የመኪና ዋጋ ደግሞ በዚህ አገር ቁጭ ብሎ አያውቅም። ዛሬ የምታወጣው እጥፍ ሆኖ ውሉ ላይ ያለው የድሮው ከሆነ፣ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈልህ ግማሹ ነው፤ ግማሹን አንተ ራስህ መድን እንደሰጠህ ይቆጠራል። በሰማሁ ጊዜ ለካ እኔም መድን ሰጪ ኖሬያለሁ ብዬ ሳቅኩ። ጦርነትና ሁከትም ሙሉ ከተባለው ውል ውጪ ናቸው፤ የፈለገ የፖለቲካ አመፅና የሽብር ሽፋን ብሎ ለብቻው ይገዛል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ፣ ዋናው የሚያስፈራን እሱ ሆኖ ሳለ! እንግዲህ ሙሉው የት አለ?

እድሳቱ ደረሰ። ልጁ ቅጽ ይዞ መጣ፤ ታርጋዋን ወደ ንግድ፣ ወደ ኮድ 3 እናዛውራት፣ ውሉንም እንደዚያው እናስተካክል፣ ዓረቦኑን እኔ ከኮንትራቱ እከፍላለሁ አለ። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው መሰለኝ፤ አልነገርኩትም። ብዕር አነሣሁ። ስም፣ አድራሻ፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ሁሉም ተሞላ። ከዚያ «ተሽከርካሪው የሚሰጠው አገልግሎት» የሚል መጣ። የተተወለት ቦታ አንድ ጣት አይሞላም።

«‹ንግድ› በልና እለፈው አባባ» አለኝ።

እለፈው? የንግድ ሕጉ እኮ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል ይናገር፣ አውቆ የደበቀ ውሉ ይፈርስበታል ይላል። ነፍሰ ጡር በነፃ ማድረስ ንግድ ነው? የቅሬ ድንኳን ንግድ ነው? እኔን ደሴ ሐኪም ዘንድ ማድረስስ፣ በእርግጥ ከሆነ፣ ምን ይባላል? ቅጹ ላይ «አባሪውን ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩና ነጭ ወረቀት አመጣሁ። በተራ ቁጥር ይዤዋለሁ። መምህራኑን በአንደኛ፣ ኮንትራቱን በሁለተኛ፣ ስኳሩን በሦስተኛ፣ ሙሽሮችን ከነሚዜዎቻቸው በአራተኛ። ዶሮዋን ሰባተኛ ላይ አስገብቻታለሁ፣ «በዓይነት የሚከፈል» ብዬ። አሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ፤ ልጁ ደጅ ቆሞ ክላክስ ይነፋል፣ ኮንትራት አለው። ይንፋ። ግልባጭ ሳላስቀር አልፈርምም።